በመያዣነት የቀረው ቡድን መሪ

ቡድን መሪ ያደረጉኝ በእውቀቴ አይደለም። ይኼን አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳታፍሩብኝ። እኔ ሰቆጣ ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ከሞተር ጋር ስጯጯህ ስለምውል ድምፄ የሰው ድምፅ መሆኑን ከተወ ቆይቷል። ቤቴ ቁጭ ብዬ ባለቤቴን "ጨው አቀብዪኝ" ስላት ጎረቤት ጨው ይዞ ይመጣል። እናም የከተማችን የእግር ኳስ ቡድን መሪ ያስፈልገዋል ሲባል ሜዳው ዙሪያ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ድምፅ ማጉያ መግዛት ቀረላቸዋ!

የቡድናችንን ስም አልጠራም፤ ያሸነፉን ሰፈሮች ዛሬም ስሙን ሲሰሙ ይስቃሉ። ልጆቹ "ግማሽ ፕሮፌሽናል" ናቸው ይባል ነበር። ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ግማሹን ቀን ይጫወታሉ፣ ግማሹን ቀን ድንጋይ ይሸከማሉ። ደመወዛቸውም እንደዚያው ነው፤ ግማሹ ይከፈላል፣ ግማሹ ይወራል። በረኛችን ግርማይ አናጢ ነበር፤ የሜዳችንን ጎል የሠራው እሱ ራሱ ነው። "የራሱን በኩል ትንሽ አጥብቦታል" እያሉ ያሙት ነበር። እኔ ለክቼ አላውቅም፤ መለካትም አልፈለግኩም።

በዚያ ዓመት፣ ሞባይል የሚባል ነገር ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ፣ እንዴት እንደሆነ ሳናውቀው ጥሎ ማለፍ ደረስን። የቀረችን አንድ ጨዋታ ናት፤ እዚያው ሰቆጣ፣ ከጎረቤት ዞን ከሚመጣ ቡድን ጋር። ያሸነፈ ባሕር ዳር ለክልሉ ሻምፒዮና ይሄዳል። የተሸነፈስ? ኮሚቴው እቅጩን ነግሮናል፦ "ካለፋችሁ እንቀጥላለን። ካላለፋችሁ ማልያውን አጥባችሁ መልሱ።" ማልያው ታጥቦ ከተመለሰ ቡድን የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሚመጣው ሁሉ "ተስፋችን እንዴት ነው?" ይለኛል። ቅንድቤ ላይ ዱቄት እንደተቆለለ፣ ጋዜጠኛ እንደሚጠይቀው ሰው ደረቴን ነፍቼ፣ "ተከላካዩ ጠንክሯል፣ አማካዩ ተዋህዷል" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ተስፋችን አንድ ስም ነበረው፦ ፀጋው። አሰልጣኛችን ሲሳይ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብዙ ቀስት ይስላል፤ ቀስቶቹ ሁሉ ዞረው ዞረው የሚያርፉት ፀጋው እግር ላይ ነው። ታክቲካችን "ኳሷን ለፀጋው ስጡና ጸልዩ" ነበር። ሌላው ጌጥ ነው።

ታዲያ ጨዋታው ሲቃረብ ፀጋው ቤተሰቡን ሊያይ ከሰቆጣ በታች ቆላው ውስጥ ወዳለው ዝቋላ ወረደና በዚያው ቀረ። ገበያ የመጡ ሰዎች መልእክት አመጡልን፦ "አባቴ ማሽላው ሳይታጨድ አለቅህም ብሎኛል።" ታላቅ ወንድሙ ሥራ ፍለጋ ዐረብ አገር ከሄደ ወዲህ ለአባትየው የቀረው ልጅ እሱ ብቻ ነው። ማሽላው ደርሷል፤ ወፉም ደርሷል።

ሲሳይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። እኔ ግን ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሐሳብ ቶሎ የሚመጣለት ሰው ያስፈራችሁ!

"ሁላችንም እንሂድ፤ በአንድ ቀን አጭደንለት ልጁን ይዘን እንመለስ" አልኩ።

"ልምምዱስ?" አለ ሲሳይ።

"ማጨድስ ልምምድ አይደለም? ጎንበስ ቀና ነው።"

"ማሽላ እኮ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ቆመው ነው የሚያጭዱት።"

"ይኸው! ለቴስታ ይጠቅማል።"

እህልን የማውቀው ጆንያ ውስጥ ሆኖ ሲመጣልኝ ነው። ከዚያ በፊት ምን ምን እንደሚያይ ጠይቄው አላውቅም።

የተሳፈርንበት አይሱዙ መንገዱ ያለቀበት ቦታ ላይ አራገፈንና በእግር ወረድን። ዝቋላ ሩቅ ነው የሚል ሰው አታገኙም። "ከዚያች ተረተር ጀርባ ነው" ይሏችኋል። ከተረተሯ ጀርባ ስትደርሱ ሌላ ተረተር ቆማ ትጠብቃችኋለች፤ እሷም ወዳጅ አላት። ድንጋይ ባገኘሁ ቁጥር ስቀመጥ ያየው ግርማይ፣ "ጋሼ፣ በቃሬዛ እንያዝዎት እንዴ?" አለኝ።

"ቃሬዛ ላይ የሚወጣ ተጫዋች ብቻ ነው፤ ደንብ ነው" አልኩት። ደንብ ባይኖር ኖሮ እወጣ ነበር።

የፀጋው አባት አያ ኪሮስ ግራር ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ማጭድ ይስላሉ። ቀጭን ናቸው፤ ንግግራቸውም እንደዚያው። አንድ ቡድን ሙሉ ጎረምሳ ከነአሰልጣኙ ግቢያቸው ሲገባ ቀና ብለው አዩንና፣

"ምን አጠፋ?" አሉ።

"ማን፣ አያ ኪሮስ?"

"ልጄ ነዋ። ይኼ ሁሉ ሰው ቤቴ ድረስ የመጣው ምን አጥፍቶ ነው?"

"ኧረ ምንም አላጠፋ። ኳስ ስለሚችል ነው የመጣነው።"

"እሱንማ አውቃለሁ። ሌላ ጥፋት አለ ወይ ነው የምለው።"

ፀጋው ከቤት ወጣ፤ ሲያየን ፊቱ ላይ ደስታውም እፍረቱም እኩል መጡ። እኔ ስለ ባሕር ዳር፣ ስለ ክብር፣ ስለ ማልያው፣ በወፍጮ ቤት ድምፄ አንድ በአንድ አስረዳሁ። አያ ኪሮስ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከለል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"ክብር ጎተራ ይሞላል?" አሉ።

"ጎተራውን እኛ እንሞላለን! ዛሬውኑ እናጭድልዎታለን።"

እጄን አዩ። ቦርጬን አዩ። "አንተም?"

"እኔም!"

"እንግዲህ ቶሎ ጀምሩ፤ ቀኑ አጭር ነው" አሉና ማጭዱን አቀበሉኝ።

ሲሳይ ልጆቹን አራት አራት ሁለት አሰለፋቸው። እውነቴን ነው! ሁለቱ አጥቂዎች ከፊት፣ አማካዮቹ ከኋላ፣ ተከላካዮቹ የተቆረጠውን ዛላ ይሰበስባሉ። "መስመራችሁን ጠብቁ! ክፍተት አትተዉ!" እያለ ማሽላው ውስጥ ይሯሯጣል። ግራ ተከላካያችን እንደ ልማዱ ቦታውን ለቆ ጠፋ፤ ስንፈልገው የጎረቤት ማሽላ እያጨደ ተገኘ። ማሳው የአድና ነው፤ የቤቷ አባወራም እማወራም የሆነች ሴት ናት። እየሳቀች መጣች።

"ምነው ልጄ፣ ወሰን የለም እንዴ በኳስ?"

"እትዬ፣ ይቅርታ፣ ወደፊት ስሄድ…"

"ይሁን፣ ይሁን። እኔም ላግዛችሁ" ብላ ማጭዷን ይዛ ገባች። ከኋላዋ ሁለት ሰዎች ተከተሉ።

እዚህ ላይ ነው ታሪክ የሠራሁት። ሦስት ሰው ሲጨመር ሥራው እንዴት እንደፈጠነ አየሁና፣ አንድ ጉብታ ላይ ወጥቼ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ፣ "ኑ! ኑ እንጂ! እጅ ሲበዛ ሥራ ይቀላል!" ብዬ ጮህኩ። ድምፄን ነግሬያችኋለሁ። የሰማ ሁሉ መጣ። ማዶ ያለው መንደር መጣ። ማዶ ካለው መንደር ማዶ ያለውም መጣ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ማሳው እንደ ራሴ መላጣ ሆነ። ሲሳይ እንኳን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "አንዳንዴ ትጠቅማለህ" አለኝ።

ማታ ንፍሮ ቀርቦ፣ የማሽላ ጠላ ተቀድቶ ስንጫወት ፀጋው ብቻ አቀርቅሯል።

"ምነው? ነገ በጠዋት እኮ መንገድ ነን" አልኩት።

"ጋሼ… ያን ሁሉ ሰው ማነው የጠራው?"

"እኔ ነኝ!" አልኩ፣ በኩራት።

አባትና ልጅ ተያዩ። አያ ኪሮስ ጠላቸውን አስቀመጡ። "ወንፈል መሆኑን ታውቃለህ?" አሉኝ።

"ወንፈል… እንግዲህ… መረዳዳት ነው።"

"ዛሬ ለእኔ ያጨደ፣ ነገ እኔ አጭድለታለሁ። ወንፈል ይኼ ነው። የእኔ ማሽላ ለእኔና ለልጄ የጥቂት ቀን ሥራ ነበር። አሁን የአገሩ ሁሉ ማሽላ አለብን።"

"እኔ እኮ እርዳታ መስሎኝ…"

"እርዳታ በመኪና ነው የሚመጣው። በእግሩ የመጣ ሰው ያመጣው እጅ ነው። የሰው እጅ በልቶ መሄድ የለም።"

ልመና ጀመርኩ። ልጆቹ ቡድን ናቸው፣ ጨዋታ አለባቸው፣ ኮሚቴው ማልያ ይቀበላል አልኩ። ፀጋው ነው ያቋረጠኝ። "ጋሼ፣ መጫወቱን እኔም ከማንም በላይ እፈልጋለሁ። ግን ይኼን ጥዬ ብሄድ ነገ አባቴ ቢታመም ማን መጥቶ ያጭድለታል? ወንድሜ እንደሆነ የለም።" ድምፅ ነው እንጂ መልስ መቼ በዝቶልኝ ያውቃል።

በማግስቱ የአድና ማሳ ገባን። ገና ከመጀመራችን ከወዲያ ማዶ ሰዎች ማጭድ ይዘው ሲመጡ አየሁ። እነዚህ ደግሞ እኛን ብለው ካጨዱ የእነሱም ዕዳ በእኛ ላይ ሊጨመር ነው! ጉብታዬ ላይ ወጥቼ፣ "ተመለሱ! ሂዱ! አንፈልግም!" ብዬ አምባረቅሁ።

ሰዎቹ ደንግጠው ቆሙ። በዚያ አገር ሊያግዝ የመጣን ሰው "ሂድ" የሚል ፍጡር ታይቶ አይታወቅም። አድና ማጭዷን ጣለችና ወደ ቤቷ ሮጠች፤ ጠበል ይዛ ተመለሰች። "ትናንት ‘ኑ’ ሲል ደህና ነበር፣ ሌሊቱን ነው የያዘው" እያለች ፊቴን ታጠምቀኝ ጀመር። ሁለት ሰው እጄን ያዘ፣ አንድ ሽማግሌ ውዳሴ ማርያም ደገሙልኝ። እውነት ለመናገር ሙቀቱ ከብዶኝ ስለነበር አልተቃወምኩም። ሰዎቹም "የታመመ ሰው ጥለን አንሄድም" ብለው ከረፋድ እስከ ምሽት አጨዱ። ዕዳችን ጨመረ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ከማሳ ማሳ ስንዞር ጨዋታው ከነገ ወዲያ ሆነ። ግርማይ መዳፉን ዘርግቶ አሳየኝ። "ጋሼ፣ ይኼ የበረኛ እጅ ነው ወይስ ንፍሮ?" ውኃ የቋጠረው ቦታ አይቆጠርም። የፀጋው እናት ነጭ ማር ቀብታ በጨርቅ አሰረችለት። ሲሳይ ደግሞ ቀስቱን አውድማ ላይ በእንጨት ይስላል፤ ዶሮዎች እየመጡ ያጠፉበታል። ቀና ብሎ ሲያየኝ "አንዳንዴ ትጠቅማለህ" ያለውን መልሶ እየወሰደ እንደሆነ ገባኝ።

በመጨረሻ መንደሩ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። አድና ናት የተናገረችው፤ እግዜር ይስጣት። "ልጆቹ ይሂዱና ተጫውተው ይምጡ። እጃቸው ይቆየናል። ማሽላው ትንሽ ቀን ይችላል። ብቻ መያዣ ይተዉልን።"

"ምን መያዣ?" አለ ሲሳይ። ያለን ነገር አንድ ኳስና አንድ ፊሽካ ነው።

ዝም ዝም ሆነ። ዝምታ አልወድም፤ ወፍጮ የቆመ ይመስለኛል። ብድግ አልኩና ደረቴን መትቼ፣ "እኔ እቀራለሁ!" አልኩ። ይህን ስል፣ በልቤ፣ ሲሳይ "ያለ ቡድን መሪያችን እንዴት ብለን!" ይላል፣ ልጆቹም እግሬ ሥር ይወድቃሉ፣ ብዬ ነው።

"እሺ" አለ ሲሳይ። አፌን እንኳ አልዘጋሁም። ግርማይ በታሰረ እጁ ቦርሳዬን አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠልኝ።

ከዚያ ሰዎቹ በአገሩ ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ መመካከር ጀመሩ፤ የከተማ ሰው አይሰማም ብለው ነው። እኔን ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ በኽምጣና ነው። አንዱ "ይኼ ስንት ሰው ይሆናል?" ብሎ ጠየቀ። አድና ከላይ እስከታች አየችኝና "በአጨዳ ግማሽ፣ በምግብ ሁለት" አለችው። እንዳልሰማሁ ሆኜ ማዶ ማዶውን አየሁ።

ፀጋው የአባቱን ጉልበት ሊስም ጎንበስ ሲል አያ ኪሮስ በትከሻው አነሱት። "ሂድ እንግዲህ" አሉት። "እግርህን ጠብቅ፤ ለአውድማ እፈልገዋለሁ።"

ልጆቹ ሽቅብ እየሮጡ ተረተሯን አለፉ። እኔና ማሽላው ቀረን።

የጨዋታው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማጭዱ ከእጄ ወደቀ። ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ሰው መንጎራደድ ጀመርኩ። ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ የሚነግር ወፍ እንኳ የለ፤ ወፉ ሁሉ ማሽላ ላይ ነው። ሳላስበው ጉብታው ላይ ወጥቼ ወደ ሰቆጣ ዞሬ "ኳሷን ለፀጋው!" ብዬ ጮህኩ። አንዱ ጎረቤት "ይደርስ ይሆን?" አለ፤ አድና "ይኼ? ይደርሳል" አለችው።

አያ ኪሮስ አንዲት ዛላ ይዘው ቆመዋል። ከያዟት ቆይተዋል፤ አልቆረጧትም።

"አሁን ምን ላይ ናቸው?" አሉኝ፣ እኔን ሳያዩ።

"አሁንስ እረፍት ላይ ይሆናሉ።"

"ምን ሠርተው ነው የሚያርፉት?" አሉና ዛላዋን ቆረጡ።

በማግስቱ ከሰዓት ሰቆጣ ፍየል ሊሸጡ የሄዱት የመንደሩ ሰው አያ ሞገስ ከተረተሯ ብቅ አሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሮጬ አላውቅም።

"አያ ሞገስ! አሸነፍን?"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እናንተስ ደህና ናችሁ? ከብቱስ? አጨዳውስ?"

ሰላምታው አለቀ። ተቀመጡ። ውኃ ጠጡ፤ ጠላ ጠጡ። ሰው ሁሉ ማጭዱን ጥሎ ከበባቸው።

"ፍየሎቹን ይዤ ገባሁ" ብለው ጀመሩ። "አንዷ ከመንገድ አነከሰችብኝ። የፍየል ዋጋ ደግሞ ወድቋል።"

"ጨዋታውስ?"

"ቆይ እንጂ! ሳልሸጥ ነው ጨዋታ የማየው? ሸጬ ስመለስ ሰው እንደ ጎርፍ ሲሄድ አየሁ። ሠርግ ነው ብዬ ገባሁ። ሠርግ አይደለም። ሁለት ወገን ሆነው ለአንዲት ነገር ይጋፋሉ። ያገኛት ደግሞ አይወስዳትም፣ በእግሩ ይመታታል! ጠልቷት ነው ስል፣ ዞሮ ይሮጥላታል።"

"ስንት ለስንት አለቀ፣ አያ ሞገስ? ልቤ ሊወጣ ነው!"

"አትቸኩል፤ ገና እረፍት አልወጡም። ከዚያ እንግዶቹ አንዷን አገቡ። ሰው ሁሉ ጭጭ! እኔ አማረኝና አጨበጨብኩ። ሊደበድቡኝ! ያ እጁ የታሰረው ልጅ ኳሷን ከመረቡ ሲያወጣ አንጀቴን በላኝ። ከዚያ ወዲያማ አንድ አላሳለፈም፤ በክርኑም በደረቱም መለሳት። ከዚያ የኪሮስ ልጅ…"

አያ ኪሮስ ቀና አሉ። "ምን ሆነ?"

"ወደቀ።"

"ወደቀ?"

"ጣሉት። እየሮጠ ሳለ ከኋላው። ተነሣ ግን፤ አቧራውን አራገፈ። ኳሷን መሬት ላይ አስቀመጡለት፣ ሁሉም ሸሸለት።"

"ሪጎሬ!" አልኩ።

"ስሟን አላውቅም። ሰው ሁሉ ማየት ፈርቶ ፊቱን አዞረ። እኔ የአገሬ ልጅ አይደለም ወይ ብዬ አየሁ። መታት። በር ጠባቂው በዚህ ሲሄድ እሷ በዚያ።"

አድና እልልታዋን አቀለጠችው። "ቆዪ፣ አላለቀም" አሏት። "ወደ መጨረሻው ሦስት ሰው ፀጋው ላይ ተለጠፈበት። አንድ ቦታውን የማያውቅ ልጅ አለ አይደል?"

"ግራ ተከላካያችን!"

"እሱ ብቻውን ወዲያ ቆሟል። የኪሮስ ልጅ ራሱ መምታት ሲችል ለሱ ሰጠው። እኔ እዚህ ላይ ‘በእውነት የኪሮስ ልጅ ነው’ አልኩ። ያም መታት፣ ገባች፣ ሰውየው ፊሽካ ነፋ፣ ሕዝቡ ሜዳውን ሞላ። ፀጋውን እንደ ሙሽራ ተሸከሙት። የእኔ አንድ ጫማ እዚያው ቀረ።"

ምን እንደሆንኩ አላስታውስም። አድናን ማቀፌን፣ አድናም ጠበሉን አምጡ ማለቷን ብቻ አስታውሳለሁ።

ልጆቹ በሁለተኛው ቀን እየዘፈኑ መጡ፤ አንድም የቀረ የለም። ያለብንን ማሳ ሁሉ አጭደን ጨረስን። ባሕር ዳር ሄደን ስንት እንደገባብን አትጠይቁኝ። ቡድኑ ግን አልፈረሰም፤ ማልያውም ለመመለስ አልታጠበም። እንዲያውም በደንብ መታጠቡን እጠራጠራለሁ። በሕይወቴ ትልቁን ጨዋታ ሳላይ ቀረሁ፤ ያየሁትን ግን በምንም አልለውጠውም። ዛሬም ማሽላ ወፍጮ ቤቴ ሲመጣ ጆንያውን ከመፍታቴ በፊት "ማን ማን አጨደው?" ብዬ እጠይቃለሁ። ደንበኞቼ ጠበሉ አልሠራም ይላሉ።

ያን ከሰዓት ግን አያ ሞገስ ተርከው ሲጨርሱ ሰው ሁሉ እየሳቀ ወደ ማሳው ተመለሰ። አያ ኪሮስ ብቻ አልተነሡም። ማጭዳቸውን ጎናቸው አስቀመጡ።

"ሲወድቅ እግሩን አልተጎዳም?"

"ደህና ነው አልኩህ እኮ፣ ኪሮስ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ጋኑን ሳብ አድርገው ለአያ ሞገስ በራሳቸው እጅ ጠላ ቀዱላቸው፤ ሞልቶ ፈሰሰ፣ አላዩትም።

"በል" አሉ፣ ወደ ማዶ እያዩ። "ከፍየሎቹ ጀምረህ ድገመው።"

አያ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔም ስንት ለስንት እንዳለቀ እያወቅኩ፣ ልቤ እንደ ወፍጮ ሞተር እየመታ፣ ተጠግቼ ተቀመጥኩ።